ሥራና ልጅ ይዤ ሳይኮሎጂ በርቀት ልማር አስቤያለሁ፣ ያለፋችሁበት ምከሩኝ

የአሰላዋ

ሰላም ለሁላችሁም። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

31 ዓመቴ ነው። አሰላ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መዝገብ ቤት እሠራለሁ። ደረጃ 4 ጨርሼ የብቃት ምዘናውን (ሲኦሲ) አልፌያለሁ። የአራት ዓመት ልጅ አለችኝ፣ ባለቤቴ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ መስክ ስለሆነ ቀንም ሆነ ማታ ክፍል ገብቶ መማር ለእኔ የሚሆን አይደለም። ያለኝ አማራጭ ርቀት ነው።

ሳይኮሎጂ ለምን? መዝገብ ቤት ስትሠሩ ተማሪው ሁሉ በእናንተ በኩል ነው የሚያልፈው። መልቀቂያ የሚጠይቀው፣ ሁለት ሳምንት ጠፍቶ የሚመለሰው፣ ወላጅ አምጣ ሲባል የሚያመጣው ሰው የሌለው። አምና አንዲት የ10ኛ ክፍል ልጅ መልቀቂያ ልትወስድ መጣች። ፎርሙን ስትሞላ እጇ ሲንቀጠቀጥ አይቼ ቁጭ በይ አልኳት፣ ከተቀመጠች በኋላ ማልቀስ ጀመረች፣ አንድ ሰዓት ሙሉ አለቀሰች። ምን እንደምላት አላውቅም ነበር። ውሃ ሰጠኋት፣ ፎርሙን ሞላሁላት፣ ሄደች። እስከ ዛሬ ከልቤ አልወጣችም። ትምህርት ቤታችን ከሺህ በላይ ተማሪ አለው፣ የምክር አገልግሎት የሚሰጥ ሰው ግን አንድም የለም።

ፍርሃቴ ብዙ ነው። ጎረቤቴ "የርቀት ዲግሪ ወረቀት እንጂ ትምህርት አይደለም" ብላኛለች። ሂሳብ ድሮም ያስፈራኛል፣ ሳይኮሎጂ ውስጥ ስታቲስቲክስ አለ ሲባል ሰማሁ። ሞጁሉ በእንግሊዝኛ ነው፣ አነባለሁ ግን ቀስ ብዬ ነው። መውጫ ፈተናውስ ለርቀት ተማሪ ያው ነው ወይስ ይለያል? ከሁሉም በላይ ደግሞ፣ ስጨርስ እንደዚያች ልጅ ያለ ሰው ፊቴ ሲቀመጥ ምን እንደማደርግ አውቃለሁ? እሱን ካላወቅኩ ዲግሪው ምን ያደርግልኛል።


ሌሊት አጥኚ

እንኳን ጠየቅሽ። እኔ ባንክ እየሠራሁ በርቀት ሳይኮሎጂ ተምሬ መውጫ ፈተናውንም አልፌያለሁ። አራት ዓመት ከመንፈቅ ፈጀብኝ። ይቻላል፣ ግን ሁለት ሦስት ነገር ልንገርሽ።

ከሁሉ በፊት ፈቃዱን አጣሪ። "ኮሌጁ ዕውቅና አለው" የሚለው ወሬ ብቻውን ምንም አይነግርሽም። ፈቃድ የሚሰጠው ለትምህርት መስኩ፣ ለካምፓሱ እና ለአሰጣጡ ነው። አዲስ አበባ ላይ ሳይኮሎጂ በመደበኛ እንዲያስተምር የተፈቀደለት ተቋም አሰላ ላይ በርቀት ማስተማር ይችላል ማለት አይደለም። አንድ ጓደኛዬ ይህን ሳያጣራ ሦስት ዓመት ከፈለ። ቅርንጫፉ አካውንቲንግ ነበር የተፈቀደለት፣ እሱ ሲማር የነበረው ግን ሌላ ነው። የመውጫ ፈተና ምዝገባ ሲደርስ ስሙ ዝርዝሩ ውስጥ የለም። ገንዘቡም ሦስት ዓመቱም ሄደ፣ ሰውየው እስከ ዛሬ ስለ ትምህርት ሲወራ ይነሳና ይወጣል። ስለዚህ ብር ከመክፈልሽ በፊት የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣንን ጠይቂ። በደረጃ 4 የሚገባበት መስፈርትም ስለሚቀያየር የዘንድሮውን እዚያው ጠይቂ፣ የኮሌጁ መዝጋቢ የሚልሽን ብቻ ይዘሽ እንዳትመለሺ።

መውጫ ፈተናው ያው ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ የሚጨርስ ሁሉ፣ የመንግሥት ይሁን የግል፣ መደበኛ ይሁን ማታ ወይ ርቀት፣ ፈተናውን ወስዶ ቢያንስ 50 ከመቶ ካላመጣ ዲግሪ የለም። ፈተናው በኮምፒውተር ነው፣ ማውስ መያዝ ካልለመድሽ ከአሁኑ ልመጂ፣ እኔ አጠገብ የነበረች እናት ጥያቄውን እያወቀችው ገጹን መቀየር አቅቷት ጊዜዋ አለቀ። ለጎረቤትሽም መልስ አገኘሽ፣ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ የተማረው ልጅ የተፈተነውን ነው የምትፈተኚው።

ብዙ የርቀት ተማሪ የሚወድቀው አሳይመንት ላይ ነው። ማለቴ አሳይመንቱን ከሌላ ሰው ገልብጦ ወይ አሠርቶ ጥሩ ውጤት ያመጣል፣ አራት ዓመት እንዲህ ይሄድና መጨረሻ ላይ ፈተናው ፊት ባዶውን ይቀመጣል። አሳይመንት ማለት ለእኛ ክፍል ማለት ነው፣ ሌላ ክፍል የለንም። በእጅሽ ሥሪው፣ 6 ከ10 ቢሆንም።

አጠናን በተመለከተ እኔ የምነሳው ከሌሊቱ 10 ሰዓት ነበር፣ እስከ 12። ከሥራ በኋላ ሞክሬ ነበር፣ ዓይኔ ያነባል ጭንቅላቴ አይቀበልም። እና ደግሞ ሞጁሉ ራሱ ያስተማረኝ አንድ ነገር አለ። ኤቢንግሀውስ የሚባል ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ1885 ባሳተመው ጥናት ትርጉም የሌላቸውን ቃላት ራሱ እየሸመደደ ምን ያህሉን እንደሚረሳ ይለካ ነበር። ያገኘው፣ አብዛኛው የሚጠፋው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት ውስጥ መሆኑን ነው። ከዚያ በኋላ አንድ ምዕራፍ ባነበብኩ በማግስቱ፣ ከዚያ በሳምንቱ፣ ከዚያ በወሩ ሞጁሉን ዘግቼ የማስታውሰውን ባዶ ወረቀት ላይ እጽፍ ጀመር። ደጋግሞ ማንበብ ሳይሆን ዘግቶ ማስታወስ ነው የሚሠራው። በጣም ነው የለወጠኝ።

እንግሊዝኛውን አትፍሪው። ምዕራፉን ስጨርስ ለባለቤቴ በአማርኛ አስረዳታለሁ፣ ካልገባት እኔም አልገባኝም ማለት ነው። ለምሳሌ ኔጌቲቭ ሪኢንፎርስመንት የሚለውን ሁሉም ቅጣት ይመስለዋል፣ ፈተና ላይም ይመጣል። እንዲህ አስቢው። ልጅሽ ታለቅሳለች፣ ስልክ ትሰጫታለሽ፣ ጩኸቱ ያቆማል። የሚረብሽሽ ነገር ስለቆመልሽ ነገም ስትጮህ ስልኩን ትሰጫታለሽ። ደስ የማይል ነገር በመነሳቱ የጠነከረው ያንቺ ባህርይ ነው። ቅጣት ግን ባህርይን የሚቀንስ ነው። አንዴ በራስሽ ቤት ምሳሌ ከያዝሽው አይጠፋም።


ቀጥታ ተናጋሪ

እህቴ ልብሽን ላሳዝን አይደለም፣ ግን ሥራውን አስቢበት። የአክስቴ ልጅ ሳይኮሎጂ ጨርሳ ሁለት ዓመት ቤት ተቀምጣለች። ማስታወቂያ ሲወጣ ወይ ልምድ ይጠይቃል ወይ ማስተርስ። ልጅ ያላት ሴት አራት ዓመት እንቅልፏን አጥታ ደመወዝ የማይጨምር ዲግሪ ስትይዝ ማየት ያመኛል። አካውንቲንግ ወይ ማኔጅመንት ቢሆን መዝገብ ቤት ላይ ዕድገት ይኖርሽ ነበር። ጉዳዩን ከገንዘብ በኩልም እዪው።


ቴምዝ ማዶ

እኔ ያለሁት ለንደን ነው። ሥርዓቱ ስለሚለያይ ስለ ፈቃድና መውጫ ፈተና የምለው የለኝም፣ ስለ ብቸኝነቱ ግን ልንገርሽ፣ ማንም አስቀድሞ አልነገረኝምና።

የምማረው ኦፕን ዩኒቨርሲቲ ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 የተቋቋመ፣ ከ1971 ጀምሮ ቤቱ ለተቀመጠ ሰው የሚያስተምር ተቋም ነው፣ ለአብዛኛው ዲግሪ ከትምህርት ቤት ያመጣሽውን ውጤት አይጠይቅም። ዲግሪው 360 ክሬዲት ነው። እኔ አረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ የሌሊት ፈረቃ ስለምሠራ በዓመት 60 እወስዳለሁ፣ ስድስት ዓመት ማለት ነው፣ አሁን አምስተኛው ላይ ነኝ።

የመጀመሪያውን ድርሰት ያስገባሁ ጊዜ ውጤቱ በጣም ዝቅ ብሎ መጣ። ሁለት ቀን አለቀስኩ። አስተማሪዋ የጻፈችልኝን ቆይቼ ሳነበው ነገሩ ገባኝ። እኔ የጻፍኩት የማውቀውን ነበር፣ ስለ ሰው ጠባይ ከእናቴ የሰማሁትን ሁሉ። እሷ የፈለገችው "ይህን ማን አለ? እንዴት አወቀ? ስንት ሰው ላይ ሞከረው? ሌላ ማብራሪያ ሊኖረው አይችልም ወይ?" የሚለውን ነው። ሳይኮሎጂ ምክር አዋቂነት ሳይሆን ማስረጃ መመዘን መሆኑን ያን ቀን ተማርኩ። አንቺ ከመጀመሪያው ይህን ይዘሽ ግቢ።

ሁለተኛው ዓመት ላይ ልተወው ነበር። የሚከብደው ትምህርቱ አልነበረም። ያነበብኩትን የምነግረው ሰው የለም፣ ባልደረቦቼ ስለ ሌላ ነው የሚያወሩት፣ ቤተሰብ "አሁንም አልጨረሽም?" ይላል። ያዳነኝ ከሌሎች ሁለት የሐበሻ ልጆች ጋር የጀመርነው የእሑድ ስልክ ነው። አንዷ ሊድስ ናት፣ ሌላዋ እዚሁ። ከቅዳሴ በኋላ አንድ ሰዓት፣ እያንዳንዳችን የሳምንቱን አንድ ነገር በአማርኛ እናስረዳለን። ፊት ለፊት የተገናኘነው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው ግን እነሱ ባይኖሩ አምስተኛ ዓመት አልደርስም ነበር። በርቀት የምትማሪ ከሆነ ከሞጁሉ በፊት ሰው ፈልጊ።

ስታቲስቲክስን ደግሞ ሁላችንም ፈርተነው ነበር። ማስላቱን ኮምፒውተር ይሠራዋል። ጃሞቪ እና ጃስፕ የሚባሉ ሁለት ፕሮግራሞች በነፃ ይወርዳሉ፣ ላፕቶፕ ወይ የመሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ካገኘሽ በቂ ነው። አማካይና ስታንዳርድ ዴቪየሽንን (ቁጥሮቹ ከአማካዩ ምን ያህል እንደሚራራቁ የሚያሳየውን) ግን መጀመሪያ በእጅሽ በአሥር ቁጥር ሥሪያቸው። መዝገብ ቤት ነሽ አይደል? የተማሪ ቀሪ ቀናት ቁጥር በየቀኑ ፊትሽ ነው፣ ስም ሳትጽፊ ቁጥሩን ብቻ ውሰጂ። የልጆች መቅረትና ውጤት አብረው ይሄዳሉ ወይ ብለሽ ራስሽ ስትጠይቂ ኮሪሌሽን ሂሳብ መሆኑ ይቀርና ጥያቄሽ ይሆናል። ይሄዳሉ ማለት ግን አንዱ ሌላውን አመጣ ማለት አይደለም፣ ይህችን ከያዝሽ የሪሰርች ሜቶድን (የጥናት ዘዴ ትምህርቱን) ግማሽ ያዝሽ።

እዚህ እንግሊዝ ያላችሁ ደግሞ፣ ብዙዎች ስለሚጠይቁኝ፣ ዲግሪው በብሪታንያ የሥነ ልቦና ማኅበር ዕውቅና ያለው መሆኑን አረጋግጡ። ቢሆንም ክሊኒካል ሳይኮሎጂስት የሚለው ስም በሕግ የተጠበቀ ነው፣ ከዲግሪው በኋላ ሦስት ዓመት የሚፈጅ ዶክትሬት አለው። ይህን አውቃችሁ ግቡ።


የሥነ ልቦና መምህር

እህቴ፣ ይህን ትምህርት ለብዙ ዓመት አስተምሬያለሁ፣ የርቀት ተማሪዎችንም በቲቶሪያል፣ ማለትም ፊት ለፊት በሚሰጠው ማጠናከሪያ፣ አግኝቻለሁ። ስለ ፈቃድና ስለ አጠናን ከላይ የተባለው ትክክል ነው፣ አልደግመውም።

በሥራ በኩል የተነሳው ሥጋት ከባዶ አልመጣም። የመጀመሪያ ዲግሪ ብቻ ይዞ ሥራ መፈለግ ከባድ ነው። የአንቺ ጉዳይ ግን የሚለየው ሥራ ላይ መሆንሽ ነው፣ ያውም ትምህርት ቤት ውስጥ። ርዕሰ መምህሩን ከአሁኑ አናግሪ። የምክር አገልግሎት መደብ አለ ወይ፣ ሲከፈት ምን ይጠይቃል፣ በጽሑፍ ይሁንልሽ። ተስፋ በቃል ብቻ ከሆነ እኔም አካውንቲንግን አስቢበት ከሚለው ወንድማችን ጋር ልስማማ እችላለሁ።

ወደ ዋናው ጥያቄሽ ልምጣ። ዲግሪው ብቻውን አያክምም። ሳይካትሪስት ሕክምና ተምሮ በአእምሮ ሕመም ስፔሻላይዝ ያደረገ ሐኪም ነው፣ መድኃኒት ያዛል። በንግግር የሚያክም ክሊኒካል ወይም የካውንስሊንግ ባለሙያ ደግሞ ከመጀመሪያው ዲግሪ በላይ መማርና በባለሙያ ክትትል ሥር ሆኖ መሥራት አለበት። የመጀመሪያ ዲግሪ የሚሰጥሽ ዓይን ነው። ምን እያየሽ እንደሆነ ታውቂያለሽ፣ የቱ ያንቺ ድርሻ እንደሆነና የቱን ለሌላ ማስተላለፍ እንዳለብሽ ትለያለሽ። ትንሽ ነገር አይደለም።

ስለዚያች ልጅ አብዝተሽ ራስሽን አትውቀሺ። አንድ ሰዓት ሙሉ ፊትሽ ተቀምጣ ማልቀስ ከቻለች፣ ቦታ ሰጥተሻታል። አላባረርሻት፣ "በቃ አታልቅሺ" አላልሻት። የጎደለው ከዚያ ቀጥሎ ያለው ነው። "ምን ገጠመሽ?" ብሎ ጠይቆ ዝም ማለት፤ ተስፋ የቆረጠች ከመሰለሽ "ራስሽን ለመጉዳት አስበሽ ታውቂያለሽ?" ብሎ በግልጽ መጠየቅ፤ ከዚያ ብቻዋን ሳትለቂ የምታምነውን ሰው ማግኘት፣ ጤና ጣቢያ ማድረስ፣ ጥቃት ካለበት ለሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ማሳወቅ። ብዙ ሰው ይህን ጥያቄ የሚፈራው ሐሳቡን ያስገባባታል ብሎ ነው። እንደዚያ አይደለም፣ በቀጥታ መጠየቅ ሐሳቡን አይተክልም፣ ይልቁንም ብቻዋን ተሸክማው የነበረውን እንድታወርድ መንገድ ይከፍታል። ይህን ለማድረግ ደግሞ ዲግሪ እስክትይዢ አትጠብቂም።

ሞጁል የማያስተምረው አንድ ነገር ማዳመጥ ነው። እኛ ለምክር እንቸኩላለን። ሰው ችግሩን ግማሽ ሳይናገር "አይዞሽ፣ ያልፋል፣ እግዚአብሔር ያውቃል" ብለን እንዘጋዋለን። በፍቅር ነው የምንለው፣ ግን ይዘጋዋል። ተማሪዎቼን የማሠራው ይህን ነው፦ ሁለት ሰው ይቀመጣል፣ አንዱ ሃያ ደቂቃ ይናገራል፣ ሌላው ምክርም የራሱን ታሪክም ሳይጨምር ይሰማል፣ መጨረሻ ላይ የሰማውን በራሱ ቃል ይመልሳል፣ ተናጋሪው "አዎ፣ እሱን ነው ያልኩት" ወይም "አይ፣ እሱን አይደለም" ይላል። የመጀመሪያ ቀን ማንም አይሆንለትም። በሳምንት አንድ ጊዜ ለአንድ ዓመት ከሠራሽው በመደበኛ ከተማሩት ብዙዎች ትበልጫለሽ። የተነገረሽ ግን እዚያው ይቀበራል፣ ለባልሽም ቢሆን። አሰላ ሁሉም የሚተዋወቅበት ከተማ ነው፣ አንዴ ወሬ ከወጣ ተማሪ ደግሞ አይመጣልሽም።

ሌላው፣ የሞጁሉ ምሳሌ አብዛኛው ከአሜሪካና ከአውሮፓ ነው። አንቺ ግን ቤትሽ ውስጥ ቤተ ሙከራ አለሽ። ልጅሽ አራት ዓመቷ ነው። ሁለት እኩል ብርጭቆ ውሃ ቅጂ፣ እኩል መሆናቸውን ታረጋግጥልሽ፣ ከዚያ አንዱን እያየችሽ ወደ ረጅምና ጠባብ ዕቃ ገልብጪ። የቱ ይበልጣል ብለሽ ጠይቂያት። የልጆችን አስተሳሰብ ያጠናው ፒያዤ የሚባለው የስዊዘርላንድ ተመራማሪ ምን ለማለት እንደፈለገ ሃያ ገጽ ከማንበብ በላይ ይገባሻል። የእናትና ልጅ ትስስርን ስትማሪ ደግሞ ሜሪ ኤይንስወርዝ የምትባለው ተመራማሪ ይህን በየቤቱ ማጥናት የጀመረችው አሜሪካ እንዳይመስልሽ፣ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ኡጋንዳ ውስጥ በየቤቱ እየዞረች እናቶችንና ሕፃናትን በማየት ነው። እዚሁ ምሥራቅ አፍሪካ ማለት ነው። ይህ ትምህርት ከሩቅ የመጣ ባዕድ እንዳይመስልሽ ብዬ ነው።


የአሰላዋ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሳምንት የቆየሁት የተባልኩትን ላጣራ ብዬ ነው።

መጀመሪያ ውሃውን ልንገራችሁ። ማታ ከእራት በኋላ ሞከርኩት። እኩል ናቸው አለችኝ። አንዱን ወደ ረጅሙ የጠጅ ብርሌ ገለበጥኩት፣ "ይሄ ይበልጣል" አለች። መልሼ ወደ ብርጭቆው አደረግኩት፣ "አሁን እኩል ነው"። እንደገና ብርሌው ውስጥ፣ "ይበልጣል"። ሦስት ጊዜ። ምንም አልተምታታባትም፣ እርግጠኛ ናት። ልጄን አራት ዓመት አብሬያት ኖሬ እንደዚህ እንደምታስብ አላውቅም ነበር። ቁጭ ብዬ ዝም ብዬ አየኋት።

ፈቃዱን ጠየቅሁ። እዚህ ያለው ቅርንጫፍ ለሳይኮሎጂ ፈቃድ የለውም። ልመዘገብበት የነበረው እሱ ነው፣ ብሩን ቆጥሬ አስቀምጬ ነበር። ሌሊት አጥኚ፣ ያንተ ጓደኛ ታሪክ ነው ያዳነኝ። ፈቃድ ያለው ያገኘሁት አዳማ ነው። ቲቶሪያሉ ቅዳሜና እሑድ ነው፣ በሴሚስተር ጥቂት ቀን፣ ፈተናውም እዚያው።

ርዕሰ መምህሩን አናገርኩ። መደቡ በመዋቅር አለ ግን ሰው አልተመደበበትም፣ በሚቀጥለው ዓመት በጀት ላይ እንደሚያነሳው ነግሮኛል፣ በጽሑፍ ስጠኝ ስለው ትንሽ ቅር ብሎት ነበር ግን ደብዳቤውን ጻፈልኝ። ቀጥታ ተናጋሪ፣ ያልከውን በክፋት አልወሰድኩትም፣ ደብዳቤውን እንድጠይቅ ያደረገኝ ያንተም ሐሳብ ነው።

የቀረኝ የመንገዱ ነገር ነው። አዳማ ሄዶ መመለስ ከልጄ ጋር ሲታሰብ ይከብዳል፣ እናቴ ቅዳሜን ትይዝልኛለች፣ እሑድን ግን ቤተ ክርስቲያን ስለሆነች አላውቅም። ማደር ካለብኝ ደግሞ ሌላ ወጪ ነው።


ከኢተያ

ሰላም እህት። ዝም ብዬ ሳነብ ነበር እስከ አሁን። ኢተያ ነው ያለሁት፣ አንደኛ ደረጃ አስተማሪ ነኝ፣ እኔም እዚያው አዳማ ለመመዝገብ ወረቀቴን አስገብቻለሁ። ብቻዬን ነበርኩ። እህቴ አዳማ ቤት ተከራይታ ነው የምትኖረው፣ ቅዳሜ ማታ ለሁለት ሰው ፍራሽ አይጠፋም። ከፈለግሽ ልጅሽንም ይዘሽ ነይ፣ እህቴ ልጆች አሏት፣ እኛ ስንማር ትይዛቸዋለች፣ ጠይቄያታለሁ።

ያቺን የሃያ ደቂቃ ነገር ደግሞ ሚኒባስ ውስጥ ልንሞክራት እንችላለን፣ አንቺ ስንሄድ፣ እኔ ስንመለስ። ሰው እንዳይሰማን ከኋላ ወንበር እንይዛለን።


የአሰላዋ

በውስጥ መስመር ስልኬን ልኬልሻለሁ። ቅዳሜ ጠዋት 12 ሰዓት ከአሰላ መናኸሪያ እነሳለሁ፣ ኢተያ ስደርስ እደውልልሻለሁ፣ መንገድ ዳር ጠብቂኝ። መጀመሪያ አንቺ ተናገሪ፣ እኔ ማዳመጡን ልለማመድ።